የሻለቃ ይርጋ ርክክብ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ቦርሳዬን ጠረጴዛ ላይ ሳላሳርፍ፣ እትዬ ሸምሲያ ከጎተራ ደወለችልኝ። እትዬ ሸምሲያ ሰላምታ ትወዳለች፤ እኔን፣ ልጄን፣ ባሌን፣ የባሌን እናት ሳይቀር አንድ በአንድ ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይ አትገባም። የዚያን ቀን ግን ማንንም አልጠየቀችም።

«አስኩዬ፣ ሻለቃ አረፉ» አለችኝ።

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያደረግሁትን ግን አስታውሳለሁ፤ ሰው ቢያየኝ አበደች ይለኝ ነበር። ከወንበሬ ተነሥቼ የተቀመጥኩበትን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወንበሩ የዛሬ ዘመን ወንበር ነው፤ በጎኑ ያለችውን እጀታ ሲስቧት ከፍ ዝቅ ይላል። ላዩ ላይም ሥሩም ምንም የለም። እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን አየሁ። ለምን እንዳየሁ እንዲገባችሁ ሻለቃ ይርጋን ከነርክክባቸው ማምጣት አለብኝ።

ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ሰው ከሰው የማያሰማማ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነበረን። አሁን የለም፤ ቦታው ላይ የመስታወት ፎቅ ቆሟል። እዚያ ነው በሃያ ሁለት ዓመቴ ታይፒስትም መዝገብ ቤትም ሆኜ የተቀጠርኩት። ሁለት ሥራ፣ አንድ ደመወዝ። እናቴ «እግዜር ቁመትሽን ሲሰስትብሽ ምላስሽ ላይ መረቀልሽ» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። የመጀመሪያ ቀን የጽሕፈት መኪናው ፊት ስቀመጥ መኪናው አገጬ ጋ ደረሰ። እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ፣ ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው እየተንጠራራሁ ስመታ፣ ሥራ አስኪያጁ ሻለቃ ይርጋ በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ስምሽ ማነው?»

«አስካለ።»

«አስካለ፣ በእግሩ ጣት ቆሞ የሚተኩስ ወታደር ዒላማ አይመታም። ተነሺ።»

ወጥተው ሄዱና በካኪ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሲባጎ የታሰረ ነገር ይዘው መጡ። ወንበሬ ላይ አስቀመጡና መታ መታ አድርገው አስተካከሉት። «አሮጌ ወረቀት ነው፤ ከመጋዘን ነው ያመጣሁት። ቁጭ በዪበት» አሉኝ። ተቀመጥኩ። እጄ በልኩ ደረሰ። እሳቸው ግን አይሄዱም፤ ቆመዋል።

«ምነው ሻለቃ፣ የረሳሁት ነገር አለ?»

«ተረክቤያለሁ አላልሽማ።»

«ትራሱን?»

«ትራሱን።»

«ተረክቤያለሁ» አልኩ፣ ሳቄን ዋጥ አድርጌ። ያኔ ነው የሄዱት።

እንዲህ ነበሩ። ያለ ርክክብ ምንም ነገር ከእጃቸው አይወጣም። የሽንት ቤቱን ቁልፍ ለባለጉዳይ ሲሰጡ እንኳ አፍጥጠው ይጠብቃሉ። ሰፈሩ ለምዶት፣ ሆዱን የቆረጠው ሰው ሁሉ ገና ከበር «ተረክቤያለሁ ሻለቃ!» እያለ እየጮኸ ሲሮጥ ይመጣ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ባለ ሻይ ቤት ብርጭቆ ጠፍቶባት አያውቅም። ዣንጥላቸውን ለዘበኛው ሲሰጡም ርክክብ፣ ሲቀበሉም ርክክብ።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ሱሪያቸውን ፍራሽ ሥር አንጥፈው ይተኙበታል ይባላል፤ እኔ የማውቀው መስመሩ ሽንኩርት እንደሚከትፍ ነው። ግራ እግራቸው ውስጥ ከሰሜን ይዘውት የመጡት ብረት አለ፤ እሱ ሲጠዘጥዛቸው «አስካለ፣ ከሰዓት ይዘንባል፤ ልብስ አስጥተሽ ከሆነ ሮጠሽ አስገቢ» ይሉኛል። ሬዲዮው ተሳስቶ ያውቃል፣ የሻለቃ እግር ግን አልተሳሳተም።

እውነቱን ልናገርና ሁልጊዜ አልወዳቸውም ነበር። በተለይ በደብዳቤ። የጽሕፈት መኪናዬ «ለ» ፊደል አመለኛ ናት፤ ስትመታ ከመስመር ወደ ላይ ትዘላለች። ሻለቃ ደብዳቤውን በእጃቸው ዘርጋ አድርገው ይዘው «ይቺ ለ ዛሬም ከሰልፍ ወጥታለች» ብለው ይመልሱልኛል። እኔ ምን ላድርግ! የአማርኛ ደብዳቤ ያለ «ለ» አይጀመር! አንዳንዴ በሆዴ እረግማቸዋለሁ፤ ምሳዬን ስበላ ግን አጠገቤ መጥተው «ተቆጣሁሽ መሰለኝ» ይላሉ፤ በቃ፣ እርግማኑ ይነሣል።

ከመዝገብ ቤቱ ሁሉ የሚወዱት ማህደር አንድ ነበር፣ የራሳቸው። እብሪት አልነበረባቸውም፤ በዚያች ማህደር ግን ይኮራሉ። «ከወታደር ቤት እስከ ቀበሌ አንዲት የማስጠንቀቂያ ወረቀት የለባትም። ስሄድ ከሷ ሌላ የምይዘው የለኝም» ይሉ ነበር። እኔም ሳገላብጣት አይቻለሁ፤ እንደ አዲስ ነጠላ ንጹሕ ነበረች።

እንዴት ከወታደር ቤት ወደ አስተዳደር እንደመጡ ያጫወቱኝ አንድ ቀን ነው፤ ዝናቡ ባለጉዳይ ያስቀረብን ቀን።

«የስንቅና ትጥቅ መኮንን ነበርኩ» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጫማና ብርድ ልብስ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጦሩ የተበተነ ዕለት አዛዡም ሄደ፣ ዘቡም ሄደ። እኔ መጋዘኑ በር ላይ ቁልፍ ይዤ ቀረሁ።»

«እርስዎስ ለምን አልሮጡም?»

«ማን ተረከበኝና?»

ሦስት ቀን እዚያው በር ላይ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ታጋዮች መጡ። ጎፈሬው ትከሻው ላይ የወረደ አንድ ልጅ ጠመንጃውን ደግኖ «እጅ ወደ ላይ!» አላቸው። ሻለቃም እጃቸውን ወደ ላይ አደረጉ፤ በአንደኛው እጅ የመጋዘኑ ቁልፍ፣ በሌላኛው የዕቃው ዝርዝር። «መጀመሪያ ተረከበኝ፣ ከዚያ ማርከኝ» አሉት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳቀ። ግን ጨዋ ልጅ ነው፤ ግማሽ ቀን አብረን ቆጠርን። ሁለት ጥንድ ጫማ ጎደለ፤ ጎደለ ብዬ ጻፍኩ። ፈረመ።»

ከተሐድሶ ወጥተው ጥቂት ዓመት ቤታቸው ተቀመጡ። ኋላ የቀበሌ ሥራ ሲወዳደሩ «የአስተዳደር ልምድ አለህ ወይ?» ቢሏቸው ያችን የርክክብ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ቀጠሯቸው። እግዜር ያሳያችሁ፣ የጠላት ፊርማ ይዞ ሥራ የተቀጠረ ሰው ከሳቸው ሌላ አላውቅም።

አስተዳደራቸውም ወታደር ቤት እንዳይመስላችሁ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው አይገቡም፤ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ፣ ከባለጉዳዩ ሁሉ መጨረሻ ይቀመጣሉ። ወረፋ ይጠብቃሉ! የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ማን ከማን ጋር በግድግዳ እንደተጣላ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ተራቸው ደርሶ የራሳቸውን ቢሮ አንኳኩተው ሲገቡ «ዛሬ ሰውን አንድ ሰዓት ተኩል አስጠበቅነው፤ ነውር አይደለም ወይ?» ብለው እኛን ይቆጣሉ። ማለቴ፣ ራሳቸውንም ጨምረው ነው የሚቆጡት።

እትዬ ሸምሲያን ያወቅኋት በዚያ አግዳሚ ነው። ቅቤ ነጋዴ ናት። ባለቤቷ ጋሽ ከድር ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ሞተው፣ እሷ ከጽሕፈት ቤታችን ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ልጆቿን ታሳድጋለች። «አንቱ ብለሽ አታስረጂኝ» ስላለችኝ ነው አንቺ የምላት። አንድ ክረምት ሻለቃ የሚያፈስ ጣሪያዋን ቢያሠሩላት፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች። ሻለቃ ተቀብለው አሸተቱት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለተኛ አሸተቱት።

«እንዲህ ያለ ቅቤ ቢሮ ውስጥ ይበላሻል። ወደ ገበያ መልሺው» አሏት።

አኮረፈች። በማግስቱ ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌ ሄደው ያንኑ ቅቤ ከሷ ገዙ፤ ከዚያ ወዲያ ከሌላ ሰው ቅቤ ገዝተው አያውቁም።

ሳገባም መጡ። ድንኳኑ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ዕልልታ መሃል፣ ባሌን ትከሻውን ይዘው «ተረክበሃል?» አሉት። ባሌ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ እኔ በክርኔ ጎሸም ሳደርገው «ተረክቤያለሁ» አለ። እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ ብዬ ልቆጣ አፌን ስከፍት ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ተረክበሻል?» አሉኝ። «ተረክቤያለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ድንኳኑ በሳቅ አወካ።

ክፉው ነገር የመጣው በዓመቱ ነው። ሰፈሩ ለልማት ይነሣል ተባለ። የቀበሌ ቤት ማህደሩ የተገኘለት ሰው ምትክ ቤት ያገኛል፤ ማህደር የሌለው «ደባል» ተብሎ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። በዚያው ወር ሻለቃ ጡረታቸው ደረሰ። በቦታቸው አቶ ሄኖክ የሚባል ወጣት ተሾመ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁለት ስልክ ነበረው፤ ሁለቱም ሲጮሁ ነው የሚውሉት።

ርክክብ ተጀመረ። ሻለቃ ማህደሩን አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር እያነበቡ፣ እኔ እያወጣሁ፣ አቶ ሄኖክ እየፈረመ። ሲያልቅ አንድ ማህደር ጎደለ። የጋሽ ከድር።

«በቃ ሻለቃ፣ ተሟልቷል ብለን እንፈርም፤ በኋላ ይፈለጋል» አለ አቶ ሄኖክ።

«ባልተሟላ ነገር ላይ ተሟልቷል ብዬ ፈርሜ አላውቅም።»

«ካልፈረሙ እኮ የጡረታ ወረቀትዎ አይንቀሳቀስም።»

«ይቁም።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰዓቱን ጠብቀው፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው መጡ። ጡረተኛ ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም፤ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። መዝገብ ቤት ገብተው መሰላል ላይ ወጡ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ሁለት ወር አለፈ። የዘጋነውን ማህደር፣ የሟቾችን የማህደር እስር፣ የተበላሸ ቅጽ የተከመረበትን ሣጥን ሁሉ ገለበጡት። «ጠፋ የሚባል ነገር የለም፤ ያልተፈለገ ነው ያለው» እያሉ። ወይዘሮ ጽጌ ምሳ ይዘውላቸው ሲመጡ «ጡረታ ወጣ ሲሉኝ ቤቱ የሚገባ መስሎኝ ነበር» ይሉኛል፤ ይስቃሉ፤ ዓይናቸው ግን አይስቅም ነበር።

እትዬ ሸምሲያ በየቀኑ ትመጣለች። አትጠይቅም፤ በር ላይ ቆማ ቀና ብላ መሰላሉን ታያለች። አንድ ቀን ግን አልቻለችም።

«ሻለቃ፣ ይተዉት በቃ። ያ ቤት የከድር ቤት እንደሆነ አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል» አሉ ከላይ። «ልማት ቢሮው ነው የማያውቀው።»

እኔስ? እኔ ውሃ ሆንኩ። መዝገብ ቤቷ እኔ ነኝ፤ ከጠፋ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር፤ እህል አይበላኝ፣ በሕልሜ «ከድር፣ ከድር» ስል ባሌ ይቀሰቅሰኛል። ማህደሩን ለማን አውሼ ይሆን? ከየትኛው ጋር ቀላቀልኩት? የዚያች ሴት ልጆች በኔ እጅ ጥፋት ደጅ ሊወድቁ ነው እያልኩ ስብሰለሰል እውላለሁ።

ዝርዝሩ የሚዘጋው ዓርብ ነው ተባለ። ረቡዕ ዕለት አቶ ሄኖክ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ረቂቅ አስቀመጠ። «አስካለ፣ ይቺን ምቺልኝ» አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ። አነበብኩት። «ለወይዘሮ አስካለ፤ ጉዳዩ፦ የመንግሥት ሰነድ ስለማጥፋት» ይላል። ታይፒስቷ እኔ ነኛ! የራሴን ክስ ራሴ በሦስት ቅጂ ልመታው ነው። መታሁት። «ለ» ዘለለች። እንባዬ ካርቦኑ ላይ እየተንጠባጠበ ጨረስኩት።

«ቅር እንዳይልሽ» አለኝ። «ዓርብ ካልተገኘ የአንድ ሰው ስም መጻፍ አለበት።»

ሻለቃ ከመሰላሉ ወርደው ወረቀቱን አነበቡ። «የመዝገብ ቤቱ አዛዥ እኔ ነኝ። እኔ ሳልወርድ የሷ ስም አይጻፍም» አሉ።

«ሻለቃ፣ እርስዎ እኮ ጡረተኛ ነዎት።»

«ማን ተረከበኝና?»

ሐሙስ መጣ። ሰባተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ሆዴ ከጠረጴዛው ጋር መጋፋት ጀምሮ፣ ያ ትራስ ከፍ ስላደረገኝ ጉልበቴ መሳቢያውን ይገጫል። ከላዩ ጥቂት ወረቀት ላንሣለት ብዬ ከወንበሬ አወረድኩትና ሲባጎውን ፈታሁ። ስድስት ዓመት ስቀመጥበት አንድ ቀን ፈትቼው አላውቅም። በካኪው ውስጥ ማህደሮች ናቸው። በመጀመሪያው ላይ በቀይ «ሟች» የሚል ተጽፏል። በሁለተኛውም። የሟቾች እስር ነበር። በአራተኛው ላይ «ከድር» ይላል።

ክው አልኩ። ከኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ፣ ጋሽ ከድር ሲሞቱ ቤቱ ለሚስት መዛወሩን ረስቶ፣ ማህደሩን ከተዘጉት ጋር አስሮታል። ያንን እስር ነው ሻለቃ ከመጋዘን አንሥተው፣ ለአጭሯ ታይፒስት አዝነው፣ በገዛ እጃቸው ከበታቼ ያደረጉት። ሁለት ወር ሙሉ እሳቸው መሰላል ላይ ሲንከራተቱ፣ እኔ ሳለቅስ፣ እትዬ ሸምሲያ በር ላይ ስትቆም፣ እንደ ዶሮ ታቅፌው ተቀምጫለሁ!

አልዋሽም፣ ሌላ ነገር አሰብኩ። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ማህደሩን ከመደርደሪያው መሃል ሸጎጥ አድርጌ «ተገኘ!» ብዬ ብጮህስ? እትዬ ሸምሲያ ቤቷን ታገኛለች፤ የሻለቃም ስህተት ተቀብሮ ይቀራል። እስካሁን ያማከረኝ ሰይጣን ይሁን መልአክ አላወቅሁም። እግሬ ግን መዝገብ ቤት ወሰደኝ። መሰላሉ ላይ ናቸው፤ አቧራው ሽበታቸው ላይ ሰፍሯል።

«ሻለቃ» አልኩ። «ትራሱ።»

ማህደሩን አሳየኋቸው። ወርደው ተቀበሉኝ። የኪራይ ውሉን አዩ፤ የጋብቻ ወረቀቱን አዩ፤ ከዚያ ክንዴ ላይ ያለውን ካኪ አዩ። የመሰላሉ ታችኛ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ ነኝ የሰጠሁሽ።»

«አሮጌ ወረቀት መስሎዎት ነው እኮ።»

«ሳልቆጥር ሰጠሁሽ» አሉ። «ጫማ ስቆጥር ኖሬ፣ ለጠላት እንኳ ቆጥሬ አስረክቤ፣ አንድ እስር ማህደር ሳልፈታ፣ ሳልቆጥር ሰጠሁ።»

አለቀሱ ብዬ ፈራሁ። ቀና ሲሉ ግን ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ነው።

«ተረክቤያለሁ ብለሽኝ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«ብያለሁ! እስከ ዛሬም አልጎደለም፣ ይቁጠሩት!»

ሳቅን። በዚያ ሁሉ ዓመት ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሆዴን ይዤ፣ ልጁም ውስጤ እየተንፈራገጠ፣ እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ተነሥተው ካኪውን አጠፉና «ነይ፣ ጻፊ» አሉኝ።

መኪናው ፊት ተቀመጥኩ። እሳቸው ቆመው ይናገራሉ፤ ማህደሩ በሥራ አስኪያጁ በራሳቸው እጅ፣ ይዘቱ ሳይመረመር፣ ለታይፒስቷ መቀመጫነት ተሰጥቶ እንደነበረ፣ ሠራተኛዋ አግኝታ ወዲያው እንዳስረከበች። ግማሽ ላይ እጄን አነሣሁ።

«አልጽፍም። ተገኘ ብለን ዝም እንበል፤ ማህደርዎን ያበላሹታል። ስለ እግዚአብሔር ሻለቃ!»

«ተገኘ ስንል የት ነበር ይሉናል። መዝገብ ቤት ካልን፣ ስድስት ዓመት ያላየሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው። የኔ ማህደር ሥራውን ጨርሷል። ያንቺ ገና አራት ወረቀት ነው ያለው። ጻፊ።»

ጻፍኩ። ማህደሩን ብብታቸው ሥር ይዘው፣ በዚያ እግራቸው፣ እትዬ ሸምሲያን አስከትለው ራሳቸው ወስደው ለልማት ቢሮው አስረከቡ። ዓርብ ዝርዝሩ ሲዘጋ ስሟ ነበረበት። አቶ ሄኖክ የኔን ክስ ቀደደው፤ በርክክቡ ሰነድ ላይም ፈረመ። ሻለቃ ግን አልተነሡም፤ አፍጥጠው ጠበቁት። «ተረክቤያለሁ» አለ በመጨረሻ። ያኔ ባርኔጣቸውን አነሡ።

በሳምንቱ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ መጣ። «ለሻለቃ ይርጋ» ይላል። እሱንም የመታሁት እኔው ነኝ። ካዛንቺስ ደግሞ ወሬ አይደብቅም፤ ሰፈሩ እስኪፈርስ ድረስ «ትራሱ ሻለቃ» ሲሏቸው ከረሙ። ሰው ይተርባቸዋል፤ እሳቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ብለው ያልፋሉ። እኔ ነበርኩ በየመንገዱ የምጣላው።

ቤታቸው ሲፈርስ እሳቸውም ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ ከእትዬ ሸምሲያ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ። መጀመሪያ መጀመሪያ ዓመት በዓል ሲሆን ልጄን ይዤ እሄድ ነበር። ኋላ ሥራው፣ ኑሮው፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ሁለት ዓመት ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ይቆጨኛል፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ቀብር ደርሼ፣ ከቀብር መልስ ብሎኮቹ መሃል የተተከለው ድንኳን ገባሁ። እትዬ ሸምሲያ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። እጄን ይዛ «ቤት አለሽ ወይ ቢሉኝ አለኝ የምለው በሳቸው ነው፤ አሁን ማንን ላመሰግን?» ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ጥቂት ቆይቶ ወይዘሮ ጽጌ ቤት እንድገባ አስጠሩኝ።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሦስት ፍሬም አለ። አንደኛው ሻለቃ በወጣትነታቸው፣ በደንብ ልብስ። ሁለተኛው የሠርጋቸው ፎቶ። ሦስተኛው ወረቀት ነው። የጡረታ ምስክር ወረቀት መስሎኝ ጠጋ ስል አንዲት «ለ» ከመስመሯ ዘልላ አየኋት።

«ማስጠንቀቂያውን ነው እንዴ የሰቀሉት?» አልኩ።

«የተቀበለው ዕለት ነው ፍሬም ቤት የወሰደው» አሉ ወይዘሮ ጽጌ። «ኧረ ያሳፍራል ስለው፣ ‹ጽጌ፣ ሳላውቅ ያጠፋሁት ስንት ይኖራል? ይቺን ግን ቆጥሬ አስረክቤያታለሁ› አለኝ። አቧራዋን እንኳ ማንንም አያስነካም፤ ራሱ ነበር የሚወለውላት።»

ወንበር ላይ ወጥተው ፍሬሙን አወረዱት። በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ጠረጉት።

«የሞተ ሰው ቃል ነው። ለአስካለ ስጫት ብሏል» ብለው ዘረጉልኝ።

በሁለት እጄ ያዝኩት። ሳብ ባደርገው አልመጣም፤ ወይዘሮ ጽጌ አልለቀቁትም። ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ አፍጥጠው እየጠበቁኝ ነው።

«ተረክቤያለሁ» አልኩ።

ለቀቁልኝ።